ውሰት፣ አማናና የሞተር መጋዝ

 

አማርኛችን «መበደር» እና «መዋስ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። ገንዘብ፣ ጤፍ፣ ዘይት እንበደራለን፤ የምንመልሰው አምሳያውን ነው። ምጣድ፣ መሰላል፣ መጥረቢያ ግን እንዋሳለን፤ የሚመለሰው ያው ራሱ ዕቃው ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም ይህንኑ ልዩነት ይዘው የመጀመሪያውን ቀርድ፣ ሁለተኛውን ዓሪያ በማለት ለየብቻ አስተምረዋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሁለተኛው ሲሆን ለምሳሌነት የመረጥነው በተለምዶ ቼይንሶው የሚባለውን የሞተር መጋዝ ነው። መርፌ አውሶ የተጣላ ጎረቤት አልሰማንም። መጋዝ ግን ውድ ነው፣ በቀላሉ ይበላሻል፣ ሰው ሊገድልም ይችላል፤ ደግሞ አብዛኛው ሰው በዓመት አንድና ሁለት ቀን ብቻ ስለሚፈልገው ገዝቶ አያስቀምጠውም። ስለዚህ የውሰት ሕግ ሁሉ በእርሱ ላይ ይፈተናል።

ክረምት ሲቃረብ በቆርቆሮው ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ የሚያሰጋው ሰው ይነሣል። ሰርግ የደገሰ ማገዶ ማስፈለጥ ይፈልጋል። በሰፈሩ መጋዝ ያለው አንድ ሰው ነው፤ በሩንም ሁሉም ያውቀዋል። «ሐጂ፣ መጋዙን ለግማሽ ቀን ባገኘው» ይባላል። ሐጂ ባለፈው ጊዜ ሰንሰለቱ ተበልቶ፣ ሞተሩ እያጨሰ እንደ ተመለሰላቸው ያስታውሳሉ። ይህን ለመናገር ግን ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ «ምን ገዶኝ ልጄ፣ ሌላ ሰው ወስዶት ነው እንጂ» ይላሉ። መጋዙ አልጋቸው ሥር ነው። እነሆ ዕቃ ለመጠበቅ ሲባል ውሸት ተነገረ። ጎረቤትየው በማግስቱ የመጋዙን ድምፅ ከዚያው ግቢ ሲሰማ ደግሞ ምን እንደሚሆን አንባቢ ያውቀዋል።

ሰባት አንቀጾች ብቻ ያሉት ሱረቱል ማዑን ስለ ሰላታቸው ዝንጉ የሆኑትንና ለታይታ የሚሠሩትን ካወገዘ በኋላ የሚያበቃው ማዑንን የሚከለክሉ ሰዎችን በማውገዝ ነው። ማዑን ምንድን ነው? ዐሊይና ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ዘካ ነው ማለታቸው ተዘግቧል። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ግን ሰዎች እርስ በርስ የሚዋዋሱት የቤት ዕቃ እንደሆነ አስረድተው ድስትን፣ የውኃ ባልዲንና መጥረቢያን በምሳሌነት ጠቅሰዋል። ልብ በሉ፣ መጥረቢያ ተጠቅሷል! የዛሬው የሞተር መጋዝ የዚያ መጥረቢያ የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ ነገሩን የትርፍ ጊዜ ቸርነት አድርጎ ማቃለል አይቻልም፤ በአንድ ሱራ ውስጥ ከሰላት ጋር ተያይዞ የመጣ ጉዳይ ነውና።

መዋስም ውርደት አይደለም። መዲና በድንጋጤ በተናወጠች ሌሊት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአቡ ጦልሓን ፈረስ ተውሰው ወጥተዋል፤ ሲመለሱም ፈረሱን አሞግሰዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የነበራቸውን አንድ ልብስ የመዲና ሙሽሮች እየተዋሱ ይሞሸሩበት እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል።

ይሁንና ማዋስ ግዴታ ነው ወይ? አብዛኞቹ ዑለማዎች የተወደደ (መንዱብ) ነው ይላሉ። ኢብኑ ተይሚያ ግን ባለቤቱ በማይፈልገው ጊዜ ለተቸገረ ማዋስ ግዴታ ነው ብለዋል። በሁለቱም በኩል ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት መከልከል የሚያስመሰግን አይደለም። በቂ ምክንያት የሚባለው ምንድን ነው የሚለው ላይ መቆየት ይገባል፤ ምክንያቱም መጋዝ ድስት አይደለም። ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ጫፍ እንጨት ሲነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ኋላ፣ ወደ ያዢው ፊትና አንገት ሊወረወር ይችላል። ይህን የማያውቅ፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ለይቶ የማያሳይ፣ በሰንደል ጫማ የመጣ ጎረቤት ቢለምን መንፈግ ማዑንን መከልከል አይደለም። ጉዳትን መከላከል ከሸሪዓ መሠረቶች አንዱ ነውና። እንዲያውም የተሻለ መንገድ አለ፤ መጋዙን ብቻውን ከመላክ የሚያውቅ ሰው አብሮ መላክ። የሰው ወሰን ውስጥ ያለ ወይም ያልተፈቀደ ዛፍ ሊቆርጥበት መሆኑን እያወቁ ማዋስም በበደል መተባበር ነው።

በሌላ በኩል ፍሬኑ የማይሠራ መሆኑን እያወቀ «ደኅና ነው፣ ውሰደው» ብሎ የሚሰጥ ሰው አለ። ሻጭ የዕቃውን ነውር መደበቅ የማይፈቀድለት ከሆነ፣ እግር ሊቆርጥ የሚችል መሣሪያ የሚያውስ ሰው እንዴት ይፈቀድለታል?

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። መጋዙ ተበላሽቶ ወይም ጠፍቶ ቢቀር ማን ይከፍላል? በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ከሑነይን ዘመቻ በፊት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ ጥሩሮችን ጠየቁ። ሶፍዋን በዚያን ጊዜ ገና አልሰለመም ነበር፤ «በጉልበት ልትወስድ ነው?» በሚል መንፈስ ጠየቃቸው። እርሳቸውም አለመሆኑን፣ ይልቁንም ዋስትና ያለው ውሰት መሆኑን ነገሩት። ከጥሩሮቹ ጥቂቶቹ በጠፉ ጊዜም ሊከፍሉት አቀረቡለት፤ እርሱ ግን ልቡ ወደ ኢስላም አዘንብሎ ስለነበር ክፍያውን አልፈለገም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ትልቁ ነገር ጥያቄው ራሱ ነው። ድል አድርጎ መካን የያዘ መሪ ፊት ቆሞ «የዕቃዬ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልተነቀፈም፤ ግልጽ መልስ ተሰጠው። እኛ ግን የአጥር ጎረቤታችንን «ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንዴት እናድርግ?» ብለን ለመጠየቅ እናፍራለን።

ከዚህና ከሌሎች ሐዲሶች በመነሣት መዝሀቦች ተለያይተዋል። በሻፊዒዮችና በሐንበሊዮች ዘንድ ተዋሹ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ዕቃው ከተፈቀደለት አጠቃቀም ውጭ በሆነ ምክንያት ከጠፋ ይከፍላል። በሐነፊዮች ዘንድ የተዋሰው ዕቃ አማና ነው፤ ካላጠፋ ወይም ካልተዘናጋ አይከፍልም፤ ብዙዎቻቸውም «ያለ ጥፋትህም ቢሆን ትከፍላለህ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ቢቀመጥ እንኳ ዋጋ የለውም ብለዋል። ማሊኪዮች ደግሞ ሊደበቅ የሚችልን ዕቃ ከማይደበቀው ይለያሉ፤ መጋዝ ሊደበቅ ከሚችለው ወገን ስለሆነ ተዋሹ ያለ ጥፋቱ መጥፋቱን በማስረጃ ካላሳየ ይጠየቃል። በሀገራችን አብዛኛው ሙስሊም ሻፊዒ ሲሆን በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ሐነፊዮች አሉ። በአንድ የከተማ ግቢ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉና ባለመጋዙ «ሊከፍለኝ ይገባል» ሲል ተዋሹ «ምን አጠፋሁ?» ማለቱ የግድ ክፋት ሆኖ አይደለም። ሁለቱም ከልጅነታቸው የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ሲከፈልም የሚከፈለው ዕቃው በጠፋበት ቀን የነበረው ዋጋ ነው፤ አምስት ዓመት ያገለገለ መጋዝ ጠፍቶ አዲስ ካልገዛህልኝ ማለት አግባብ አይደለም።

«የተፈቀደ አጠቃቀም» የሚለው ቃል በመጋዝ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ካልታወቀ ግን ፈትዋው አየር ላይ ይቀራል። እንጨት ሲቆርጥ የውሰቱ ሰንሰለት መደነዙ የታወቀ ነው፤ መጋዝ የተሠራው ለዚህ ነውና በሻፊዒዮችም ዘንድ አያስከፍልም፤ ሞርዶ መመለስ ግን መልካም ጠባይ ነው። ግንዱን መሬት ላይ አስተኝቶ ሰንሰለቱን አፈርና ድንጋይ ውስጥ መክተት፣ ሚስማር ያለበትን አሮጌ ወራጅ መቁረጥ ሌላ ነው፤ ይህ ጥፋት ነው። ከሁሉ የሚከፋው የነዳጁ ነገር ነው። የመጋዙ ሞተር የሚሠራው የሞተር ዘይት በተቀላቀለበት ቤንዚን ነው፤ በብዙዎቹ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ይገባል። ባዶ ቤንዚን የሞላ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፒስተኑን አቃጥሎ ያጣብቀዋል። ይህን የነገሩት ሰው ችላ ቢል በአራቱም መዝሀብ ተጠያቂ ነው። ባለቤቱ ካልነገረው ግን ከፊሉን ወቀሳ ራሱ ይውሰድ እላለሁ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ልጨምር። መጋዙ ውሰት ነው፤ በሆዱ ያለው ነዳጅ ግን ብድር ነው። አልቆ ስለሚቀር አምሳያው ይመለሳል። ሙሉ የወሰደ ሙሉ ይመልስ። መጋዙን ወደ ባለቤቱ የማድረስ ወጪም የተዋሹ ነው፤ «ና ውሰድ» አይባልም። ለሦስተኛ ሰው ማሳለፍም አይፈቀድም። ሻፊዒዮች ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ጭራሽ ይከለክላሉ፤ ሐነፊዮች ቢፈቅዱ እንኳ በተጠቃሚው ማንነት በማይለያይ ዕቃ ነው። መጋዝ በማን እጅ እንደገባ ደግሞ እጅግ ይለያያል። በሰፈራችን መጋዞች የሚሞቱት በዚህ መንገድ ነው፤ ሦስተኛው ሰው ለአራተኛው ሰጥቶት ማን እንዳበላሸው ሳይታወቅ ይቀራል።

ስለዚህ ከመስጠት በፊት ምን ሊቆረጥበት እንደሆነ፣ ማን እንደሚይዘው፣ መቼ እንደሚመለስና ቢሰበር ምን እንደሚደረግ መነጋገር ያስፈልጋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ገንዘብ ክፈለኝ» ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ውሰት መሆኑ ቀርቶ ኪራይ (ኢጃራ) ይሆናል። የተከራየ ሰው ደግሞ ካላጠፋ አይከፍልም። ኪራዩንም ተቀብሎ ያለ ጥፋት የደረሰውን ብልሽትም ማስከፈል፣ ሁለቱን አንድ ላይ መፈለግ አይሆንም።

ሸክሙን ሁሉ በአንድ ባለመጋዝ ላይ መጣልም ተገቢ አይመስለኝም። ዕድሮቻችን ድንኳንና ትላልቅ ብረት ድስቶች በጋራ ገዝተው ያውሳሉ፤ ማንም በዚህ ተጣልቶ አያውቅም ባልልም ሥርዓቱ ግን ቆሟል። የአቡ ሐኒፋ ተማሪ የነበሩት ኢማም ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ፣ በ189 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት፣ ሕዝብ የለመደው ከሆነ ተንቀሳቃሽ ዕቃም ወቅፍ ሊደረግ እንደሚችል ያስተማሩ ሲሆን የሐነፊ መጻሕፍት ከዘረዘሩላቸው ዕቃዎች መካከል ድስት፣ የጀናዛ ቃሬዛ፣ መጥረቢያና መጋዝ ይገኛሉ። የአንድ መስጊድ ጀመዓ አንድ የሞተር መጋዝ ከነራስ ቁሩና ከነመከላከያ ሱሪው ወቅፍ ቢያደርግ፣ አጠቃቀሙን የሚያውቁ ሁለት ወጣቶች ቢመድብ፣ ለሰንሰለትና ለዘይት መጠነኛ መዋጮ ቢያስቀምጥ፣ ሐጂም መጋዛቸውን አልጋ ሥር መደበቅ አያስፈልጋቸውም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጉዳዩን ለየመስጊዱ ኮሚቴ ማቅረብ የሚፈልግ አንባቢ ካለ፣ ከድስቱና ከድንኳኑ መዝገብ ቀጥሎ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።