እየተጠራጠርኩ ቅዳሴ ልቁም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ነው። እሑድ እሑድ በሁለት አውቶቡስ ቅዳሴ እሄዳለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ጸሎቱ ከአፌ አልፎ ልቤ አይደርስም። ማስመሰል እንዳይሆንብኝ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ቤተ ክርስቲያናችን በዳግም ትንሣኤ እሑድ ሐዋርያው ቶማስን ታስባለች። ጌታ ከሞት ተነሥቶ ለደቀ መዛሙርቱ መጀመሪያ ሲገለጥ ቶማስ አልነበረም፤ ሲነግሩትም አላመነም። በሳምንቱ ግን ከነጥርጣሬው ከወንድሞቹ ጋር ተገኘ፤ ጌታን ያየውም እዚያው ነው።

ልብ ሲከብድም ብቻዎን አይደሉም። ሰፈርዎ ያለውን ባለ ትልልቅ ዓምዱን ሜትሮፖሊታን ታበርናክል የተባለ ቤተ ክርስቲያን ያውቁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1861 ሲከፈት ሰባኪው ቻርልስ ስፐርጀን ነበር። ሺዎች የሚያዳምጡት ይህ ሰው በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ይሠቃይ ነበር፤ ሳይደብቅም ለተማሪዎቹ አስተምሮበታል።

ቅዳሴ ደግሞ የብቻ ጸሎት አይደለም። ካህኑ ይላል፣ ዲያቆኑ ያውጃል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። እርስዎ ቃል ባጡበት ቦታ ከጎንዎ ያሉት እናት ይመልሱልዎታል፤ ያ ማስመሰል አይባልም።

ለንስሐ አባትዎ «ጾም ገደፍኩ» እንደሚሉት ሁሉ «ተጠራጠርኩ» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። ሐዘኑ እንቅልፍና ምግብ ከነሳዎት ሐኪምዎንም ያማክሩ፤ ጠበልና ሕክምና አይጣሉም።