ቁጥር የሚከብዳቸው ልጆች፦ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት

በየአጥቢያው ንባብ ፈጥኖ የሚይዝ፣ ዜማም በቃሉ የሚያጠና ሆኖ ሳለ ስምንትና አምስት ሲደመር ስንት እንደሚሆን ሲጠየቅ የሚደናገር ልጅ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም «ሰነፍ» የሚል ነው። ስሙ ቅጣትን፣ ቅጣቱም ከትምህርት ገበታ መሸሽን ያስከትላል። የዚህ ልጅ ችግር ግን ዲስካልኩሊያ የሚባለው የሒሳብ ትምህርት እክል ሊሆን ይችላል።

ዲስካልኩሊያ ቁጥርን በመረዳትና በቁጥር በመሥራት ችሎታ ላይ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ እክል ነው። የቼኮስሎቫኪያው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላዲስላቭ ኮሽች በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እክሉ ከአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ጉድለት የተለየ መሆኑን አመልክቷል። ከ100 ልጆች ከ3 እስከ 7 የሚሆኑት እክሉ እንዳለባቸው ይገመታል።

አብዛኞቻችን በሌማት ላይ ሦስት ሎሚ ብናይ ሳንቆጥር ሦስት መሆናቸውን እናውቃለን። እክሉ ያለበት ልጅ ግን ይህን ያህል ጥቂቱንም አንድ በአንድ ሊቆጥር ይችላል። «ሰባት» ለእርሱ ከስድስት ቀጥሎ የሚጠራ ስም ነው እንጂ ብዛቱ በአእምሮው ጎልቶ አይታየውም። ስለዚህ ከሰባትና ከዘጠኝ የትኛው እንደሚበልጥ ለመመለስ ይዘገያል። ስምንትና አምስትን ሲደምርም ከስምንት ተነሥቶ አምስት በመጨመር ፈንታ ከአንድ ይጀምራል። ትናንት ያጠናውን ድምር ዛሬ ቢረሳ ከቸልታ የመጣ አይደለም፤ ቃሉን የሚይዝለት የብዛት ትርጉም ስላልተደላደለ ነው።

ችግሩ በአጻጻፍም ይታያል። «መቶ አምስት ጻፍ» ሲባል 1005 ብሎ ይጽፋል። ጀማሪዎች ሁሉ እንዲህ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ እክሉ ባለባቸው ግን ስሕተቱ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ልጁ የጻፈው የሰማውን ነው፤ መጀመሪያ 100፣ ቀጥሎ 5። በግእዝ አኃዝ ቢሆን ኖሮ ፻ን አስቀድሞ ፭ን ማስከተል በበቃው ነበር፤ ፻፭ ይሆናልና። በተለመደው አኃዝ ግን 1 መቶ የሚሆነው በቆመበት ቤት ምክንያት ነው፤ 0 ደግሞ የአሥር ቤት ባዶ መሆኑን ይነግረናል። ሁለቱን አኃዝ የሚያውቅ መምህር ፻፭ንና 105ን ጎን ለጎን ጽፎ ልዩነቱን ቢያሳይ የልጁ ስሕተት ከየት እንደመጣ ለሁለቱም ግልጽ ይሆናል።

ታዲያ ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት ምን ማድረግ እንችላለን?

አንደኛ፣ ለመፈረጅ አንቸኩል። የዓይን ወይም የጆሮ ችግር፣ ረኃብ፣ ከትምህርት መቅረት፣ ትምህርቱ በማያውቀው ቋንቋ መሰጠቱም ልጅን በሒሳብ ወደኋላ ያስቀራሉ። እነዚህ አስቀድመው ይታዩ።

ሁለተኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ቁጥርን በሚዳሰስ ነገር ያስተምሩ። ባቄላን አምስት አምስት አድርጎ መደርደር፣ በመሬት ላይ የቁጥር መሥመር ሥሎ በላዩ እየተራመዱ መቁጠር፣ ገበጣ መጫወት ብዛትን በዓይንና በእጅ ያስተምራሉ። ልጁ በጣቱ ቢቆጥር አይከልከል፤ ጊዜም ይጨመርለት። በጓደኞቹ ፊት አቁሞ መጠየቅ ፍርሃትን ይጨምራል፤ ፍርሃትም የሚያውቀውን ጭምር ያስረሳዋል።

ሦስተኛ፣ የንስሐ አባቶች በየቤቱ የሚሰማ ቃል አላቸው። «ትምህርት አልሆነለትም» ብሎ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስቀር ያሰበ ወላጅ ሲያጋጥማቸው ውሳኔው እንዲዘገይ ይምከሩ፤ ከመምህሩና በአካባቢው ካለ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ጋር እንዲነጋገርም ያግዙት። እክሉ በአንድ ወር የሚወገድ አይደለም። ይሁን እንጂ በትዕግሥት የተማረ ልጅ በገበያ ሒሳቡን፣ በቤቱም ወጪውን ለማወቅ የሚበቃውን ያህል መማር ይችላል፤ ከትምህርት ገበታ የተነሣ ልጅ ግን ይህን ዕድል ያጣል።