በወልቂጤና ቡታጅራ ሰማይ የአየር ላይ ነዳጅ ቅበላ የሲሙሌተር ልምምድ፦ የፍጥነት አመራረጥ

መግቢያ
የአየር ላይ ነዳጅ ቅበላ ሁለት አውሮፕላኖች በጥቂት ሜትሮች ርቀት ተቀራርበው በእኩል ፍጥነት የሚበሩበት ተግባር ነው። በሲሙሌተር ለሚለማመድ ሰው ቀዳሚው ጥያቄ «በስንት ኖት?» የሚለው ነው። መልሱ ግን የትኛው ፍጥነት እንደተፈለገ ካልተለየ ያሳስታል። ይህ ጽሑፍ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ያለውን ሰማይ በምሳሌነት ወስዶ ጉዳዩን በስሌት ያሳያል።

ጠቋሚና እውነተኛ ፍጥነት
የአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ እውነተኛው ፍጥነት መለኪያው ከሚጠቁመው ይበልጣል። የክንፍን የማንሳት ኃይል በቅርበት የሚገልጸው ጠቋሚው ፍጥነት በመሆኑ፣ የነዳጅ ቅበላ ፍጥነትም በዚሁ ይሰጣል። ኤፍ-16 ከኬሲ-135 ነዳጅ ሲቀበል 310 ኖት አካባቢ፣ ዘገምተኛው ኤ-10 ደግሞ 220 ኖት አካባቢ ይበራል።

ስሌት
በመደበኛ ከባቢ አየር 310 ጠቋሚ ኖት በ15,000 ጫማ 383፣ በ20,000 ጫማ 413፣ በ25,000 ጫማ 445 እውነተኛ ኖት ይሆናል። አየሩ ከመደበኛው በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ የመጨረሻው አኃዝ ወደ 454 ያድጋል።

አንዳንድ ሲሙሌተሮች የነዳጅ ጫኙን አውሮፕላን ፍጥነት የሚቀበሉት በመሬት ፍጥነት ነው። ተለማማጁ በ25,000 ጫማ ነፋስ በሌለበት 310 ብሎ ቢያስገባ ነዳጅ ጫኙ የሚበረው በ212 ጠቋሚ ኖት ብቻ ነው። ኤፍ-16 በዚህ ፍጥነት አፍንጫውን እጅግ ቀና አድርጎ ለመብረር ይገደዳል፤ መሪውም ይላላል። ተለማማጁ ጥፋቱን በራሱ እጅ ላይ ይፈልጋል፤ ስህተቱ ግን ከበረራው በፊት የተሠራ ነው።

የመቅረብ ፍጥነት
ተቀባዩ ከማስተላለፊያው ቧንቧ 15 ሜትር ያህል ወደኋላ ከተረጋጋ በኋላ ቀስ ብሎ ይጠጋል። በ25,000 ጫማ የ1 ጠቋሚ ኖት ብልጫ በሰከንድ 0.69 ሜትር ያስጠጋል፤ ርቀቱም በ22 ሰከንድ ያልቃል። ብልጫው 5 ኖት ከሆነ ግን አራት ሰከንድ ተኩል እንኳ አይቆይም። ስለዚህ ከ1 ኖት ያልበለጠ ልዩነት ይመከራል።

የመስመሩ ርዝመት
ሁለቱን ከተሞች የሚለያየው የአየር ርቀት 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ454 ኖት፣ በ30 ዲግሪ ዘንበል የሚደረግ ዙር 19 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ይወስዳል። ሁለቱም ዙሮች በመስመሩ ውስጥ ከተካተቱ ለቀጥታ በረራ የሚተርፈው ከሦስት ደቂቃ ተኩል ያነሰ ጊዜ ነው። ይህ ለጀማሪ ስለማይበቃ መስመሩን ከወልቂጤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ ማርዘም ይሻላል። በመካከል ያሉት የጉራጌ ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ ስለሚደርሱ፣ ለኤ-10 ልምምድም ከ15,000 ጫማ መውረድ አይገባም።

ማጠቃለያ
ሁለቱ አውሮፕላኖች የሚጓዙት በአንድ አየር ውስጥ በመሆኑ፣ ቋሚ ነፋስ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት አይለውጠውም። ተለማማጁ በበረራ ጊዜ ጠቋሚውን ፍጥነት ይከተል፤ ልምምዱን ሲያዘጋጅ ግን አኃዙን ለከፍታው፣ ለሙቀቱና ለነፋሱ አስልቶ ያስገባ።