የታመመ የድመት ግልገል እንክብካቤ
በሰሜን ሸዋ ደጋማ ቀበሌዎች ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በደብረ ብርሃን ዙሪያና በአንኮበር ገበሬው ገብሱን፣ ስንዴውንና ባቄላውን ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላ ከሚጠብቁት ጠላቶች አንዱ አይጥ ነው። አይጥ የሚያጠፋው የሚበላውን ብቻ አይደለም፤ በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸውም እህል አለ። ድመት ብቻዋን አይጥን አታጠፋም። ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ቀዳዳ መድፈንና የፈሰሰ እህል መልቀም የግድ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ድመት ያጣ ቤት ብዙውን ጊዜ ፊቱን ወደ መርዝ ያዞራል። ዚንክ ፎስፋይድን የመሰለ የአይጥ መርዝ ደግሞ ዶሮን፣ ውሻንና ሕፃንን ሳይለይ ይገድላል። ስለዚህ አንድ የድመት ግልገል ማዳን የእህል ጥበቃ ሥራ አካል መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

የድመት ግልገሎችን ከሚያጠቁ ሕመሞች መካከል አፍንጫን የሚዘጋውና ዓይንን የሚያጣብቀው ጉንፋን በብዛት ይታያል። ዓይኑ የተጣበቀ ግልገል «አይተርፍም» ተብሎ ሲጣል ይስተዋላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው አንድ ዋና ነገር ነው፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ግልገሉን ለሞት የሚያደርሰው የበሽታው ብርታት ብቻ ሳይሆን ብርድና ረሃብ መሆኑን ነው። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ማንኛውም ቤተሰብ ያለ ብዙ ወጪ መከላከል ይችላል።

1. የበሽታው መንስኤ

በሽታውን በአብዛኛው የሚያስነሱት ሁለት ቫይረሶች ሲሆኑ፣ እነርሱም የድመት ሄርፒስ ቫይረስና የድመት ካሊሲ ቫይረስ ይባላሉ። ክላሚዲያና ማይኮፕላዝማ የተባሉ ጥቃቅን ሕዋሳትም ብቻቸውን ወይም በቫይረሶቹ ላይ ተደርበው ዓይንን ያመረቅዛሉ። ይህ ክላሚዲያ በሰው ላይ የዓይን ማዝ ከሚያመጣው ጋር ዘመድ ቢሆንም ዝርያው የተለየ ነው።

በሄርፒስ ታማ የዳነች ድመት ቫይረሱን ዕድሜ ልኳን ይዛ ትኖራለች። በወሊድ፣ በብርድ ወይም በረሃብ ስትጎሳቆል በሽታው ሳይታይባት ቫይረሱን ትረጫለች፤ ግልገሎቿም የሚታመሙት ብዙውን ጊዜ ከእርሷ ተቀብለው ነው። ከእናት ጡት ያገኙት መከላከያ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ እየደከመ ስለሚሄድ በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉ ግልገሎች ይበልጥ ይጠቃሉ።

የደብረ ብርሃን ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የሌሊት ውርጭና የአንኮበር ገደላገደል ጉም ግልገሉን ያዳክማሉ። በዝግ ቤት ውስጥ የሚነድ የኩበት ጢስም የታመመ ዓይንና አፍንጫን ይበልጥ ያስቆጣል።

2. ምልክቶች

ሀ) ማስነጠስ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቆይቶ ወፍራምና ቢጫ የሆነ ንፍጥ፤
ለ) የዓይን መቅላት፣ ማበጥና በዓይናር መጣበቅ፤
ሐ) በምላስ ወይም በላንቃ ላይ ቁስል፤ ከዚህም የተነሣ የለሃጭ መዝረብረብ፤
መ) ትኩሳት፣ መፍዘዝና ምግብ መተው።

ድመት ምግብን የምትመርጠው በሽታው ነው። አፍንጫው የተዘጋ ግልገል ምግብ ፊቱ ተቀምጦ እያለ ሊራብ የሚችለው ስለዚህ ነው።

3. የቤት ውስጥ እንክብካቤ

ሙቀት። ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ቅርጫት ወይም ካርቶን ውስጥ የበግ ቆዳ ወይም አሮጌ የባና ቁራጭ ማንጠፍ፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በአንድ ወገን ብቻ ማስቀመጥ። በሌላው ወገን ባዶ ቦታ የሚተወው ግልገሉ ሲሞቀው እንዲሸሽ ነው። ቅርጫቱ ከምድጃው ጢስ መራቅ አለበት። አካሉ የቀዘቀዘ ግልገል ወተት ቢሰጠው ሊፈጨው ስለማይችል፣ መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይመገብ።

አፍንጫ። ለብ ባለ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ንፍጡን ማርጠብና መጥረግ። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ቅርጫቱን ሙቅ ውሃ ካለበት ድስት አጠገብ አስቀምጦ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በነጠላ በመሸፈን ለ10 ደቂቃ ያህል እንፋሎቱን እንዲተነፍስ ማድረግ። ድስቱ ግልገሉ ሊደርስበት የማይችል መሆን አለበት፤ ሰውም ከአጠገቡ አይለይ። ለሰው ጉንፋን እንደምናደርገው የባሕር ዛፍ ቅጠል ውሃው ውስጥ መጨመር አይገባም፤ ዘይቱ ድመትን ይጎዳል።

ዓይን። ፈልቶ በበረደ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት። ጥጥ በዚህ ውሃ ነክሮ በተጣበቀው ዓይን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት፤ ዓይናሩ ሲለሰልስ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ መጥረግ። ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጥጥ ያስፈልጋል። ደረቁን በጥፍር መፈልቀቅ ክልክል ነው። ለሰው ዓይን ማዝ የሚሰጠው 1 በመቶ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ለክላሚዲያ የሚረዳ ሲሆን፣ በእንስሳት ሐኪም ሲታዘዝ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይቀባል። ዓይኑ ገና ያልተገለጠ ሕፃን ግልገል፣ ማለትም 2 ሳምንት ያልሞላው፣ ከቆቡ ሥር እብጠት ከታየበት መግል አቁሮ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት።

ምግብ። ጡት የማይተው ግልገል ከእናቱ አይለይ። ጡት የተወው የተቀቀለ እንቁላል፣ በደቃቁ የተከተፈ ጉበት ወይም ሥጋ በመረቅ ለስልሶና ለብ ብሎ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ሙቀቱ የምግቡን ሽታ ስለሚያወጣ ፍላጎቱን ያነሣሣል። ሽንኩርት የገባበት ወጥ ግን አይሰጥም፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። በራሱ የማይበላ ከሆነ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ በከንፈሩ ጎን ጠብ ጠብ ማድረግ፤ በጀርባው ማስተኛት ወይም በኃይል መጋት ምግቡን ወደ ሳንባ ያስገባል።

የማኅበሩ ሱቅ ትንሽ ሚዛን ካለው ግልገሉን በየቀኑ መመዘን ይጠቅማል። ጤነኛ ግልገል በሳምንት 100 ግራም ያህል ይጨምራል። ክብደቱ ለ2 ቀን በተከታታይ ከቀነሰ እንክብካቤው አልበቃም ማለት ነው።

4. ፈጽሞ የማይደረጉ

ሀ) ፓራሲታሞል መስጠት። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማርከስ አይችልም፤ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ያደገች ድመት ሊገድል ይችላል።

ለ) የበግ መርፌ በግምት መውጋት። 20 በመቶ የሆነው ኦክሲቴትራሳይክሊን ለበግ የሚሰጠው ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። የአንድ ወር ግልገል ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በዓይን ግምት የሚሰጥ መድኃኒት ከሚገባው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ሐ) ኮርቲዞን ያለበት የዓይን ቅባት መጠቀም። ሄርፒስ ያቆሰለውን ብሌን ያባብሳል።

መ) ለበግ መዥገርና ቅማል የሚረጨውን መድኃኒት ለቁንጫ ብሎ ግልገሉ ላይ ማድረግ።

5. ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

አፉን ከፍቶ ቢተነፍስ፤ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ በደቂቃ ከ40 ቢበልጥ፤ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይቀምስ ቢውል፤ ብሌኑ ቢነጣ ወይም ቢቆስል፤ የአንገቱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ባይመለስ፣ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ወይም ክሊኒክ መውሰድ ያስፈልጋል። ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች የመለወጡን ምልክት የበግ ግልገል ሲታመም ያየ ገበሬ አያጣውም፤ ጎንና ጎኑ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል።

6. መተላለፍን መከላከልና የሰው ጤና

ቫይረሶቹ ወደ ሰው፣ ወደ በግ ወይም ወደ ዶሮ አይተላለፉም። ከድመት ወደ ድመት ግን በእጅ፣ በልብስና በመመገቢያ ዕቃ ይሄዳሉ። ካሊሲ ቫይረስ በደረቅ ቦታ እስከ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል። ዕቃውን በሳሙና አጥቦ 1 እጅ በረኪና ከ30 እጅ ውሃ ጋር በተቀላቀለበት መዘፍዘፍና በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ በቂ ነው። አስታማሚው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

እርጉዝ ሴት የድመት ዓይነ ምድር አታንሣ፤ ከበጎች መኖም መራቅ አለበት። በዓይነ ምድሩ የሚወጣው የቶክሶፕላዝማ ተውሳክ በሰው ፅንስ ላይ ጉዳት ያደርሳል፣ በጎችንም ያስወርዳል። ጠባዩ ድንገት የተለወጠና ለሃጩን የሚያዝረበርብ ድመት የነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና።

7. የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ድርሻ

የልማት ሠራተኛው ስለ ጎተራ አሠራር ሲያስተምር ስለ ድመት አያያዝም ጨምሮ ያስረዳ። ማኅበራት የእህል መጋዘናቸውን ለመጠበቅ ድመት ሲያስገቡ ግልገሎቹ 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው እንዳይለዩ፣ አዲስ የመጣችውም ድመት ለ2 ሳምንት ለብቻዋ እንድትቆይ ቢያደርጉ መልካም ነው። ለሁለቱ ቫይረሶች ክትባት ስላለ፣ ማግኘት የሚቻልበት ከተማ ያሉ ማኅበራት ከእንስሳት ሐኪም ጋር ይመካከሩ። ድመት ባለበት መጋዘን መርዝ አይቀመጥ፤ በመርዝ የሞተ አይጥ የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች።

ተገቢውን እንክብካቤ ያገኙ ግልገሎች ብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ያገግማሉ። አንዳንዱ አንድ ዓይኑ ጠባሳ ይዞ ወይም አልፎ አልፎ እያስነጠሰ ሊቀር ይችላል። ይህ ግን አይጥ ከመያዝ ስለማያግደው የሚያስጥለው ምክንያት ሊሆን አይገባም።