ለአዲስ ፕሮሰሰር የሙከራ ኮምፒዩተሮችን ስለ ማዘጋጀት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተለው ጥያቄ ላይ ተወያዩ። አንድ ደብዳቤ ወደ ሌላ ቋንቋ ከተተረጐመ በኋላ፣ ያን ቋንቋ የማያውቅ ሰው የትርጕሙን ትክክለኛነት ሊያረጋግጥ ይችላልን?

ምንባብ

ማንኛውም ኮምፒዩተር ሥራውን የሚያከናውነው ፕሮሰሰር በሚባለው ክፍሉ አማካይነት ነው። ፕሮሰሰር የሚገባው የራሱ ቋንቋ፣ ማለትም የተወሰኑ ትእዛዞች ብቻ ናቸው። እነዚህም ትእዛዞች በቍጥር የሚጻፉ ስለሆኑ፣ ለአንዱ ፕሮሰሰር «ደምር» የሚል ፍች ያለው ቍጥር ለሌላው ምንም ፍች የሌለው ሊሆን ይችላል። የትእዛዞቹ ስብስብና የአሠራራቸው ደንብ የፕሮሰሰሩ አርክቴክቸር ይባላል። ከዚህም የተነሣ አንድ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ አርክቴክቸር ለየብቻ መተርጐም ይኖርበታል፤ ይህን የሚሠራውም ኮምፓይለር የተባለው ፕሮግራም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ፣ ፕሮፌሰር ክርስቴ አሳኖቪች ከሁለቱ ተማሪዎቻቸው ከዩንሰፕ ሊ እና ከአንድሩ ዋተርማን ጋር ሆነው አንድ አዲስ አርክቴክቸር መንደፍ ጀመሩ። ፕሮፌሰር ዴቪድ ፓተርሰንም በሥራው ተካፋይ ነበሩ። የሦስት ወር የክረምት ሥራ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ነገር ወደ አራት ዓመት ያህል ወሰደ። ስሙንም ሪስክ ፋይቭ አሉት፤ «ፋይቭ» መባሉ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከተነደፉት የዚህ ዓይነት አርክቴክቸሮች አምስተኛው ስለሆነ ነው። ደንቡ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ የፈለገ ሁሉ ያለ ፈቃድ ክፍያ ፕሮሰሰር ሊሠራበት ይችላል።

ይሁን እንጂ ፕሮሰሰር ብቻውን ምን ይጠቅማል? ፕሮግራም የሌለው ኮምፒዩተር መጽሐፍ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ደግሞ «ሥራችንን የምንሞክርበት ኮምፒዩተር ሳይኖረን እንዴት አድርገን ትክክል ነው እንበል?» ይላሉ። ኮምፒዩተር የሚያከራዩት ድርጅቶች በበኩላቸው ተጠቃሚ የሌለውን ዕቃ ገዝተው ማስቀመጥ አይወዱም። በዚህ ምክንያት አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሥራው ቆሞ ይቀራል።

መውጫ ሆኖ የተገኘው የመጀመሪያው መንገድ፣ በተለመደው ፈጣን ኮምፒዩተር ላይ ለአዲሱ ፕሮሰሰር መተርጐም ነው። ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የተተረጐመው ፕሮግራም በተተረጐመበት ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራ ስለማይችል ሙከራ አይደረግበትም። ጉዳቱን በምሳሌ እንመልከት። በሲ ቋንቋ «ቻር» የተባለው የቍጥር ዓይነት ስምንት ቢት ይይዛል። ሊኑክስ በሚሠራባቸው የኢንቴል ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ ቍጥር ከ-128 እስከ 127 ሲሆን፣ በሪስክ ፋይቭ ላይ ግን ከ0 እስከ 255 ነው። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ «-1 እስክታገኝ ድረስ ፋይሉን አንብብ» ብሎ ቢጽፍና የተነበበውን በቻር ቢያስቀምጥ፣ በኢንቴል ላይ ንባቡ በሰላም ይፈጸማል። በሪስክ ፋይቭ ላይ ግን -1 የነበረው 255 ሆኖ ይቀመጣል፤ 255 ደግሞ ከ-1 ጋር እኩል ስላልሆነ ፕሮግራሙ ማንበቡን ከቶ አያቆምም። ትርጕሙ ያለ እንከን ተፈጽሞ ሳለ ስሕተቱ የሚገለጠው ፕሮግራሙ ሲሠራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አስመሳይ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ መካከል ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር የጀመረው ኬሙ ይጠቀሳል፤ ይህም ከ2018 ጀምሮ ሪስክ ፋይቭን ያስመስላል። ኬሙ የአዲሱን ፕሮሰሰር ትእዛዝ እየተቀበለ ባለበት ኮምፒዩተር ትእዛዝ ይተካል። በመሆኑም ከላይ የተጠቀሰውን ስሕተት ለማግኘት ይበቃል፤ ሆኖም እጅግ ዝግተኛ ነው፤ አንዳንዱንም ስሕተት ይሸፍናል።

እንዴት እንደሚሸፍን ለመረዳት አንድ መምህር ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ደወል ይደውላል እንበል። ተማሪው ደወሉን ሲሰማ ቀና ብሎ ያነባል። ተማሪው ደወሉን የሚሰማው አዲሱ ጽሕፈት ከመታየቱ በፊት ቢሆን ግን የትናንቱን ጥያቄ ይመልስ ነበር። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አንዱ ክፍል የጻፈውን ሌላው ክፍል በተጻፈበት ተራ እንዲያየው ያደርጋሉ፤ የሪስክ ፋይቭ ደንብ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ ልዩ ትእዛዝ ካልተጻፈ ተራው እንዲለዋወጥ ይፈቅዳል። አስመሳዩ በኢንቴል ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ከሆነ የኢንቴልን ጥብቅ ተራ ስለሚወርስ ጉድለቱ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ እውነተኛው ፕሮሰሰር የግድ ያስፈልጋል።

ስኬልዌይ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የሪስክ ፋይቭ ኮምፒዩተሮችን በኢንተርኔት ማከራየት ጀመረ። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር አራት የፕሮሰሰር ክፍሎችና 16 ጊጋባይት ማስታወሻ ነበረው። የተከራየው ሰው ሊኑክስን ካሰናዳ በኋላ ሥራ ተቀባይ ፕሮግራም ይጭንበታል። ይህም ፕሮግራም ከወረፋው ላይ አንድ ሥራ ያነሣል፣ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ያመጣል፣ ይተረጕማል፣ ሙከራዎቹን ያካሂዳል፣ ውጤቱንም ይልካል። የሚያስቀው ነገር ሥራ ተቀባዩ ራሱ ለአዲሱ አርክቴክቸር ያልተተረጐመ ሆኖ ሊገኝ መቻሉ ነው፤ ያን ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከእርሱ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ ተንኰል ትቶ እንዳይሄድ፣ ከየሥራው በኋላ ሁሉ ነገር ተደምስሶ እንደ አዲስ ይሰናዳል። ለፈጣን ኮምፒዩተር የተወሰነው የሙከራ ጊዜም መራዘም አለበት፤ አለዚያ ጤነኛው ፕሮግራም ስለ ዘገየ ብቻ ወደቀ ይባላል። ሐሰተኛ ውድቀት የበዛበት ሙከራ ደግሞ ቀስ በቀስ ተመልካች ያጣል።

እውነተኛው ፕሮሰሰርም ቢሆን ሁልጊዜ ዳኛ አይሆንም። በእነዚያ በ2024 በተከራዩት ኮምፒዩተሮች ውስጥ የነበረው ፕሮሰሰር ብዙ ቍጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሠሉትን ትእዛዞች የያዘው በረቂቅ ደንብ መሠረት ነበር። በ2021 የጸደቀው ደንብ ግን ከረቂቁ የተለየ ነው። ስለዚህ በጸደቀው ደንብ የተጻፈ ፕሮግራም በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ሊሞከር ስለማይችል ወደ ዝግተኛው ኬሙ መመለስ ግድ ሆነ።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ማኅበር ሪስክ ፋይቭን ከመደበኛ አርክቴክቸሮቹ አንዱ አድርጎ የተቀበለው በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ቀደም ሲል ፈቃደኞች በየግላቸው የተረጐሟቸው ፕሮግራሞች ብዙ ቢሆኑም፣ ማኅበሩ ከጥቂት መሠረታዊ ፕሮግራሞች ተነሥቶ የቀሩትን በሚያምናቸው ኮምፒዩተሮች ላይ እንደገና አስተረጐመ። በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ሪስክ ፋይቭን በመደበኛነት ያካተተ የመጀመሪያው እትም ሆነ።

መልመጃ

1. የፕሮግራሙ ትርጕም ያለ እንከን ተፈጽሞ ሳለ ስሕተቱ ሳይታይ የቀረው ለምንድን ነው? በምንባቡ ከተሰጠው ምሳሌ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።

2. በመምህሩ ምሳሌ ውስጥ ሰሌዳው፣ ደወሉና ተማሪው ምን ምንን ይወክላሉ?

3. «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህም የተነሣ» እና «አለዚያ» የሚሉትን ማያያዣዎች በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።

4. ዴቢያን ፈቃደኞች የተረጐሟቸውን ፕሮግራሞች እንዳሉ ሳይቀበል እንደገና ማስተርጐሙ ተገቢ ነበርን? በሁለት አንቀጽ ተከራከሩ።