የአፈርን ሕይወት በሙቀቱ መለካት

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሙቀት ይሰጣል። የዛሬው ትምህርት በዚህ ላይ ይቆማል። የሚተነፍስ ፍጥረት ምግቡን ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ጉልበት ያገኛል፤ ከፊሉን ሰውነቱን ይገነባበታል፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሰውም ላምም እንዲሁ ናቸው። በዓይን የማይታዩት የአፈር ባክቴሪያዎችና ፈንገሶችም ከዚህ ሕግ አይወጡም። በወለጋ፣ በኑኑ ቁምባ ወረዳ የእበትና የገለባ ክምር ገልጦ እጁን ያስገባ ገበሬ ይህን አይጠራጠርም። በደንብ የተሠራ ኮምፖስት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ሙቀቱም ከፀሐይ ሳይሆን ከረቂቅ ተሕዋስያኑ ሥራ የመጣ ነው።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ይችላሉ። ሁለት እኩል ፔርሙሶች ይዘጋጁ። በአንዱ እርጥብ እበት ከተቆራረጠ ገለባ ጋር ይግባ፤ በሌላው ያው ድብልቅ ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ይግባ። አፋቸው አየር በሚያሳልፍ ጥጥ ይወተፍ እንጂ በክዳን አይደፈን፤ ቴርሞሜትርም ይሰካባቸው። ያልተቀቀለው ቀድሞ ይሞቃል። የተቀቀለውም ቆይቶ መሞቅ ቢጀምር ሙከራው ተበላሸ አትበሉ፤ ከፈላ ውኃ የሚተርፉ የባክቴሪያ ስፖሮች አሉና።

ታዲያ ማሳው ለምን አይሞቅም? ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነና መሬትና አየር ወዲያው ስለሚወስዱት ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አብረን እናስላው። አንድ ግራም አፈር በሰዓት 1 ማይክሮግራም ካርቦን በትንፋሽ ያወጣል እንበል። ምግቡ ግሉኮስ ከሆነ ለእያንዳንዱ 12 ግራም ካርቦን 469 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይለቀቃል። ውጤቱ 11 ማይክሮዋት፣ ማለትም የአንድ ዋት 11 ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል የሚወስደውን ኃይል ለማግኘት ከ900 ኪሎ ግራም በላይ አፈር ያስፈልጋል። ይህ ግን አፈሩ ደካማ ነው ማለት አይደለም። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሳንቲሜትር አፈር 2,000 ቶን ቢመዝን፣ በዚሁ ስሌት 22 ኪሎዋት ያለማቋረጥ ያመነጫል።

እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ሙቀት የሚይዘው መሣሪያ ካሎሪሜትር ይባላል። ጥቂት ግራም አፈር በመስታወት ብልቃጥ ታሽጎ፣ የሙቀት መጠኑ እንዳይዋዥቅ በሚጠበቅ ወፍራም ብረት መካከል ይቀመጣል። ከብልቃጡ ወደ ብረቱ የሚሄደው ሙቀት በመንገዱ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ይህን ባሕርይ ቶማስ ዜቤክ በ1821 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል። ሕይወት የሌለው ነገር የያዘ መንታ ብልቃጥ አጠገቡ ይቀመጥና የክፍሉ መሞቅና መቀዝቀዝ በንጽጽር ይቀነሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሙቀትን ብቻ መለካት ጥሩ ነው፤ ሙቀትን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር መለካት ግን እጅግ ይበልጣል። ፈረንሳውያኑ ሳይንቲስቶች ላቮዋዚዬና ላፕላስ በ1783 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ጊኒ ፒግ የተባለችውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ አስቀምጠው፣ የቀለጠውን በረዶ ከትንፋሿ ጋር አነጻጸሩ፤ መተንፈስ ዝግተኛ መቃጠል መሆኑንም አስተማሩ።

ይህ ንጽጽር ለወለጋ ልዩ ጥቅም አለው። የአካባቢው ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል፣ ፎስፈረስም ይታሰራል፤ መድኃኒቱም የግብርና ኖራ ነው። ኖራ ካገኘ ማሳ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ተሕዋስያኑ ነቁ ብሎ መደሰት ይቀላል። ነገር ግን ኖራው ራሱ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ያንኑ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙን ብቻ የሚለካ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም። ሙቀቱ ግን ይለያቸዋል። ተሕዋስያን ግሉኮስ ተመግበው ለሚያወጡት አንድ ሞል ጋዝ (12 ግራም ካርቦን ለያዘው) 469 ኪሎጁል ሲሰጡ፣ ኖራ በአሲድ ሲሟሟ የሚሰጠው 15 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በናሙናችን ለአንድ ሞል ጋዝ 242 ኪሎጁል ቢገኝና ምግቡ ግሉኮስ ቢሆን፣ የጋዙ እኩሌታ ከሕይወት፣ እኩሌታው ከኖራ መጣ ማለት ነው። ምግቡ ስብ ከሆነ ቁጥሩ ከ469 ከፍ ይላል፣ እንደ ኦክሳሊክ ያለ አሲድ ከሆነ በጣም ይወርዳል፤ ስለዚህ ኖራ ያልነካው የጎረቤት ማሳ ናሙና ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይለካ።

ናሙናውም መጠንቀቅን ይጠይቃል። ደረቅ አፈር ውኃ ሲነካው ሕይወት ባይኖረው እንኳ ይሞቃል። በተጨማሪም በርች የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ እንዳሳየው፣ ከደረቁ ወራት በኋላ የሚመጣው እርጥበት የተሕዋስያንን ትንፋሽ በድንገት ያንራል። በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት የተወሰደ ናሙና ስለዚያ ሳምንት ይናገራል እንጂ ስለ ማሳው ዓመት አይናገርም። አፈሩን ከማሳው ከብዙ ቦታ ውሰዱ፤ በፀሐይ አታድርቁት፤ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ንፉት፤ እርጥበቱን አስተካክላችሁ ጥቂት ቀን ካሳረፋችሁት በኋላ ወደ ብልቃጡ አስገቡት።