አደጋን አስቀድሞ ስለ መከላከል

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም ረኃቡ የወሎን ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ዛሬ ግን በየወረዳው አደጋን የሚከላከል ባለሙያ አለ። ሥራው እህል ማደል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ እንደ ተረዳሁት ግን ዋናው ተግባሩ ምልክትን መመልከት ነው።

ዝናቡ መቼ ጀመረ? መቼስ አቋረጠ? በገበያ የገብስ ዋጋ ወጥቶ የበግ ዋጋ ከወረደ፣ የገበሬው ጎተራ ተሟጧል፤ በጎቹንም ለእህል መግዣ እየሸጠ ነው ማለት ነው። ባለሙያው ይህን መዝግቦ በጊዜው ለበላዮቹ ያስታውቃል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ በመጥፋቱ በጃናሞራ ከብት አለቀ፤ ሰውም ከቀየው ተሰደደ። ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን ያለው መንገድ ተራራማ ስለሆነ፣ እህል አስቀድሞ ካልተጫነ ለተራበ አይደርስም። ስለዚህ የባለሙያው ወረቀት ሰሚ ካላገኘ ከንቱ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፣ እኔ ትምህርቴን ስፈጽም ይህን ሥራ ለመያዝ እመኛለሁ። እስከዚያው ግን ማናችንም ብንሆን በየገበያው ቀን የእህልና የከብት ዋጋ በደብተራችን መመዝገብ አያቅተንም።